በአንድ ዓይን የሳልኳት እናቴ

እርጥብ ባና፣ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ፣ በሸተተኝ ቁጥር እጄ ጥላሸት የነካ ይመስለኛል።

መሐል ሜዳ ከተማ አሥረኛ ክፍል ስማር የስዕል መምህራችን ቀለም ከለከለን። «ቀይ የነካ እጁን ታጥቦ ይውጣ» ይለን ነበር። ጥላሸትና አመድ በሙጫ በጥብጠን የየቤታችንን ውስጥ ከነሰዉ እንድንስል አዘዘን። «ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ፤ ጨለማም ደረጃ አለው።» እውነቱን ነው። ቅዳሜ ቤት ስገባ ያ ጥቁር ነው ብዬ የኖርኩበት ግድግዳ ለካስ አንዱ ጥግ ቡናማ፣ ሌላው የርግብ ክንፍ የመሰለ ግራጫ ኖሯል።

እናቴ በሩ ሥር ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ውጭ ካፊያ ነው፤ ባናው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ይላል። በጎን ሳልኳት። የበሩ ብርሃን ግንባሯንና አፍንጫዋን ብቻ ነካ፤ የቀረው ጨለማ ውስጥ ገባ። እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ስዕል አልወጣልኝም።

ሳሳያት እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በዚያ በኩል ነዋ፤ አይታይም።»

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባለ አንድ ዓይኑ ማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

ይሁዳና ሰይጣን ናቸው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው። እያወቅሁ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

«ምን በድዬሽ ነው ልጄ? ጨምሪልኝ።»

«ብርሃኑ ይበላሻል» አልኳት። እንዲህ ነበርኩ።

መምህሩ ከክፍሉ አንደኛ አለኝ። ጎረቤታችን ስዕሉን ካየች ጀምሮ «እንዴት አደርሽ፣ የይሁዳ እህት?» እያለች ትገባለች፤ እናቴ አትስቅም። ጨምሪልኝ ብላም ዳግመኛ አልጠየቀችኝ።

ደብረ ብርሃን ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ እናትሽ ታማለች ተባልኩና በሚኒባስ ገሰገስኩ። ወረቀትና ከሰል ይዤ መደቡ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ዛሬ በሁለቱም ዓይንሽ ነው» አልኳት።

«አሁን ገና መጣልሽ?» አለችና ፈገግ አለች። እጇን ሰድዳ የምስልበትን እጄን ያዘችው። እጇ ትኩስ ነው፤ አጥንት ብቻ ቀርቷል። ቀጥ ብላ ታየኛለች። ግራ ዓይኗ ላይ ትንሽ ቡናማ ነጥብ አለች፤ ያን ቀን ነው ያየኋት። ከሰሉ ከጣቴ ወደቀ።

በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። እጄን በያዘችበት ዕለት ግን፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ ንቅንቅ አላልኩም። ልቀቂኝና ልሳልሽ አላልኳትም።