የሠላሳ አራት ሰው እግር ለመለካት ከኮልፌ እስከ ሆለታ

ጣሊያን ከተማችንን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ እኔና የባለቤቴ እህት አስካለ በቅሏችንን ጭነን ከኮልፌ ተነሣን። ባለቤቴ ወልዴ ጫማ ሰፊ ነው፤ እኔም የላዩን ቆዳ እሰፋለሁ። ሆለታ የሚኖሩት የእህል ነጋዴ አቶ ደምሴ ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ጫማ አዘዙን፤ ለሠላሳ አራት ሰው! እንዲህ ያለ ሥራ አግኝተን አናውቅም። ካበላሸነው ደግሞ ሁለተኛ የሚያዝዘን አይኖርም። ወልዴ የጀመረውን ሥራ ጥሎ መሄድ ስላልቻለ መለካቱ ለእኔ ደረሰኝ። አስካለን ያስከተልኳት ከጦርነቱ በፊት ትምህርት ቤት ገብታ ስለነበር ቁጥር እንድትጽፍልኝ ነው።

መናገሻ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት

ጣሊያን የሠራው አዲሱ መንገድ ለጭነት ካሚዮን እንጂ ለበቅሎ አልተመቸም። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር በቅሏችን እየደነበረች ቦይ ውስጥ ትገባለች፤ አስካለም እየሳቀች ትጎትታታለች። ቆሏችንን እየቆረጠምን መናገሻ ደረስንና ጋሽ ቱፋ ዘንድ ጎራ አልን። ጋሽ ቱፋ ፎርማ ይጠርባሉ፤ ጫማ ሲሰፋ ቆዳው የሚወጠርበትን የእንጨት እግር ማለት ነው።

"ለሠርጉ የማደርስላችሁ ስድስት ጥንድ ብቻ ነው" አሉን። "ልኩን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩኝ። ወይራ አንዴ ከተጠረበ አይመለስም።"

ስድስት ፎርማ ለሠላሳ አራት ሰው! ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነው የሄድኩት።

ሆለታ

አቶ ደምሴ ግቢ ስንደርስ በቅቤ የራሰ ጭኮ ቀረበልን፤ እርጎም ተቀዳልን። በማግስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ እግሩን ታጥቦ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደረ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ አድርገው አያውቁም። እኔ በሜትር እለካለሁ፣ አስካለ ትጽፋለች። የሙሽራዪቱ አያት እማማ ብርቄ ተራቸው ሲደርስ እግራቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ደበቁ።

"ተይኝ ልጄ፣ ትኮረኩሪኛለሽ!"

"ቶሎ እጨርሳለሁ እማማ፣ አትንኪኝ ካሉም ከሩቅ እለካለሁ።" ግቢው በሳቅ ተሞላ። እግራቸው ሃያ አራት ሳንቲ ሜትር ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠን ወረቀቱን አየሁት። 28፣ 29፣ 27፣ 24፣ 21፣ 25፣ 23... እንደ አመጣጡ ተጽፎ ምንም አይነግረኝም። ቀድመው የተለኩት የቤቱ ጎልማሶች ስለነበሩ፣ ዓይኔ ላይ የቀረው ትልልቁ እግር ነው።

"ትልልቁን ፎርማ እናብዛ መሰለኝ" አልኩ።

"ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ መልክ እናስይዘው" አለች አስካለ። ትንሹን ፈለገች፣ 20፤ ትልቁን ፈለገች፣ 29። "ከ20 እስከ 22፣ ከ22 እስከ 24 እያልን እንመድበው" አለችና በሌላ ወረቀት ላይ ምድቦቹን ከላይ ወደ ታች ጻፈች። እኔ ቁጥሩን ስጠራ እሷ በየምድቡ ፊት ጭረት ታደርጋለች፤ አራት ሲሞላ አምስተኛውን እንደ ጭራሮ ማሰሪያ አግድም ትስብበታለች።

ጨርሰን ብንደምረው ሠላሳ አምስት ሆነ።

"አንድ ሰው ከየት መጣ?" አልኩ ደንግጬ።

አስካለ ጭረቶቹን ከቁጥሮቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረችና በሳቅ ፈረሰች። "እማማ ብርቄ ናቸው! 24 በሁለቱም ምድብ ስላለ ሁለት ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ።"

እማማ ብርቄ ከጓዳ ሆነው ሰሙን። "ሁለት ቦታ ከሆንኩማ ሁለት ጫማ ይሰፋልኝ!"

ምድቦቹን እንዳይነካኩ አድርገን እንደገና ጀመርን። 20 እና 21፣ አራት ሰው። 22 እና 23፣ ስምንት። 24 እና 25፣ ዐሥራ ሦስት። 26 እና 27፣ ስድስት። 28 እና 29፣ ሦስት ብቻ። ድምሩ ሠላሳ አራት። ያ ሁሉ ትልቅ እግር የመሰለኝ ሦስት ሰው ኖሯል! ለካ ብዙው ሰው መሀል ላይ ነው። ተነሥቼ አስካለን አቀፍኳት።

መልስ ጉዞ

ሐሙስ መናገሻ ስንደርስ አላመነታሁም። "ጋሽ ቱፋ፣ ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ጥንድ በትልቁ ልክ፣ ለመሀለኛው ሁለት ጥንድ ይጥረቡልን።" በአንድ ሳንቲም የሚያንሰውን እግር የውስጥ ንጣፍ ይሞላዋል።

"ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ነው የምወደው" ብለው መጥረቢያቸውን አነሡ።

ቡራዩ ኬላ ላይ ግን ፈተና ገጠመን። ጣሊያኑ ወታደር የመጀመሪያውን ወረቀት ከጓዛችን አወጣና ፊቱ ተለዋወጠ። አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ ወደ እኛ ዞረ፤ "የምን ቁጥር ነው? የጠመንጃ ነው ወይ ይላል።" በዚያ ዘመን አርበኛ ረድታችኋል ከተባለ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። 

"የእግር ነው ጌታዬ" አልኩና ሜትሬን አወጣሁ። "እግርዎን ልለካና ይዩት።"

አስተርጓሚው ሳያስበው ጫማውን አወለቀ። ለካሁት፣ 25 ሆነ። ሁለተኛውን ወረቀት ዘርግቼ ምድቡን አሳየሁት።

"ብዙ ሰው ካለበት ነኝ ማለት ነው?" አለ በመገረም፣ ለወታደሩም አስረዳ። ወታደሩ ወረቀቶቹን ወርወር አድርጎ ሂዱ በሚል እጁን አወናጨፈልን። መንገዱ እንደታጠፈ እየሳቅን በቅሏችንን በፍጥነት ነዳናት።

ኮልፌ

ወልዴ ወረቀቱን እንዳየ ነገሩ ወዲያው ገባውና ቆዳውን ዘረጋ። ሠርጉም በሰዓቱ በጫማ ደመቀ።

ጉዞው ያስተማረኝን የተጠቀምኩበት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሳያዝዘን ሰፍተን አናውቅም ነበር። እኔ ግን የኮልፌ ጎረቤቶቼን እግር ለካሁ፣ መደብኩ፣ ጭረት በበዛበትም ምድብ ልክ ማንም ያላዘዘውን አንድ ጥንድ ሰፍቼ በራችን ላይ ሰቀልኩት። ወልዴ "ማን ሊገዛው?" እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ የምትሄድ የማላውቃት ሴት ቆመች። አየችው፣ አወረደችው፣ እግሯን አስገባች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለችና፣ "እንዴት አውቃችሁኝ ነው የሰፋችሁልኝ?" አለችኝ።