የሹፌሩ የአየር ፍራሽ

ጎባ ውስጥ ጉም ሰው ቤት ሲገባ አያንኳኳም። በዚያ ሰሞን ሮቤ ያለውን ሱቄን ቀደም ብዬ እየዘጋሁ በሚኒባስ ጎባ እመላለስ ነበር፤ በር ስከፍት ጉሙ ቀድሞኝ ይገባና የታማሚው እግር ስር ይቀመጣል። ከጠያቂዎቹ ሁሉ ምክር የማይሰጥ እሱ ብቻ ነበር።

ታማሚው አዛውንት ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደሎ መና ቡና ጭነው፣ ጫካውን ጨርሰው፣ ብርዳማውን የሳነቴ አምባ አቋርጠው ወደዚህ ሲያወጡ ኖረዋል። እኔ ከአገሬ ወጥቼ የባሌን ምድር ስረግጥ ጭነት ላይ አስተኝተው ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ብከፍትም፣ ሚስት ባገባም፣ ጸጉሬ ቢሸብትም ለሳቸው ያው ጭነት ነኝ። «ጭነቱ መጣ» ይላሉ ስገባ።

ግቢያቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፤ ከዚያ አልጋ ላይ ቀሩ። ቤት ድረስ እየመጣች የምታያቸው ነርስ አንድ ቀን ወደ ጎን አዞረቻቸውና ከወገባቸው በታች፣ አጥንቱ ቆዳውን በሚገፋበት ቦታ ላይ፣ ቀይ ምልክት አሳየችን።

«ይህ ከተቀደደ በሳቸው ዕድሜ መመለሻው ከባድ ነው» አለች። «እያገላበጣችሁ አስተኟቸው። የአየር ፍራሽ ካገኛችሁ ደግሞ አምጡ። ማገላበጡን ግን አይተካም፣ እሺ?»

እኔ ስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴ ነኝ። ለወገብ የማይሆን ፍራሽ ሸጬ አላውቅም፤ ማለትም ሁሉንም ለወገብ ይሆናል ብዬ ነው የሸጥኩት። የአየሩን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። መርካቶ ያለ ወዳጄ ፈልጎ በአውቶቡስ ላከው። ዘርግተን አየነው፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ የላስቲክ ቱቦዎች፣ አየር የሚያስገቡ ሁለት ቀጫጭን ጎማዎች፣ አልጋው ግርጌ የሚንጠለጠል ትንሽ ፓምፕ። ሲሰኩት አንዱ ቱቦ ይነፋል፣ ጎረቤቱ ይላላል፤ ቆይቶ ደግሞ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ አንድ የሰውነት ቦታ ብቻውን ክብደት ተሸክሞ አይቆይም። እንደዚህ ተራ የሚጠብቅ ነገር ሮቤ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ፓምፑ በቀስታ ያጉረመርማል። ፍራሹ ከትከሻቸው በኩል ከፍ፣ ከወገባቸው በኩል ዝቅ ይላል፤ እንደ ሰው ይተነፍሳል። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና አየር ላይ ማርሽ ቀየሩ።

«ጫካው አለቀ» አሉ። «ዳገቱ ጀመረ። ጭነቱ፣ ራስህን ሸፍን፣ ይበርዳል።»

እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ ራሴን ሸፈንኩ። ክፍሉ ቀስ ብሎ የተነሳ መሰለኝ። በመስኮቱ ጉሙ ያልፋል፤ ጉሙ ቆሞ እኛ የምናልፍም ይመስላል። የቡና ጆንያ ሽታ መጣብኝ። ቁልቁል ሳይ ዛፎቹ ጢም በመሰለ ሽበት ተሸፍነው ወደኋላ ይሄዳሉ።

ምልክቱ ግን አልሄደም። ጭራሽ ጠቆረ። ነርሷ ፊቷ ተለወጠ።

«ፍራሹ ይሠራል?»

«ወላሂ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነው የሚያድረው» አሉ ባለቤታቸው፣ እኔ እማማ የምላቸው።

የመርካቶውን ወዳጄን ደወልኩለትና አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። «እንዲህ ያለ ዕቃ ለጠላትም አይላክ» አልኩት። «ተኝተህበት አየኸው?» አለኝ። ዘጋሁበት።

በማግስቱ ማታን አልጠበቅኩም፣ በቀትር ሄድኩ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ከአንገቱ ከተማ ማር ይዞ የመጣ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ አለ። አንድ ሻሽ የጠመጠሙ ሽማግሌ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ለዱአ እጃቸውን ዘርግተዋል። የጎደለ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ድምፅ የለም። ፓምፑ ጠፍቷል።

«እማማ፣ ይሄን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኛ። እንግዳ ገባ አይደል? ሰው ሲመጣ ቴሌቪዥንስ ይጠፋ የለ?»

«እንግዳው ሲወጣስ?»

«ሌላው ይገባል።»

እጄን ከአዛውንቱ ወገብ ስር ሰደድኩ። ቱቦዎቹ ተኝተዋል፤ በጀርባቸውና በአልጋው ጣውላ መካከል የተጣጠፈ ላስቲክ ብቻ ነው ያለው። መዳፌ በሁለቱ መሃል ተጨፈለቀ።

«እማማ፣ እኚህ ሰው ቀኑን ሙሉ ጣውላ ላይ ነው የሚውሉት!»

«እኔ ነኝ ባሌን ጣውላ ላይ ያስተኛሁ?» አሉ። «ሰው ምን ይለኛል? በዱአ ላይ ሞተር ይጩህ? ሂድ፣ ስፖንጅህን ሽጥ!»

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ እኔንና እማማን እያፈራረቁ ያዩ ጀመር። ያን ጊዜ ነው አዛውንቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ የተናገሩት።

«ማነው ሞተሩን ያጠፋው? ሳነቴ ላይ ሞተር ይጠፋል? በዚህ ብርድ ማን ሊገፋው ነው፣ እናንተ?»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ጥርስ የቀራቸው ከፊት አልነበረም።

«እውነታቸውን ነው። ስንቴ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ከመና ስንነሳ ዱአ የምናደርገው ሞተሩ እየሠራ አልነበር? አንድ ቀን እንኳ አጥፍተውልን አያውቁም፤ ባትሪያቸውን ስለሚያውቁት ነው። አስነሺው፣ እህቴ። አላህ በሞተር ውስጥም ይሰማል።»

እማማ ጎንበስ ብለው ማብሪያውን ተጫኑት። ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ዱአቸውን ቀጠሉ፤ እኛም ከፍ አድርገን አሚን አልን። ፍራሹ ከስር ተነሳ፣ አዛውንቱም አብረውት ተነሱ፣ ቀስ እያሉ፣ ሰው ሁሉ ቁጭ ባለበት እሳቸው ብቻቸውን ዳገት ወጡ።

ከዚያ በኋላ ፓምፑ ለማንም እንግዳ አልጠፋም። መብራት ሲሄድ እማማ ጎረቤት ጠርተው በእጅ ያገላብጣሉ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጥ የሚያስብ ጠያቂ ካለም ዓይናቸው ብቻ ያስነሳዋል።

ቆይቶ ነርሷ መጣች። አዛውንቱን ወደ ጎን አዞርናቸው። ምልክቱ ፈዝዟል፣ ቆዳው አልተቀደደም። በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጣ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ደም ተመለሰበት።

«ጥሩ ነው» አለች። «ደሙ ይመላለሳል።»

እማማ ወደ አልጋው ተጠጉ። «እስቲ ድገሚው።»

ነጣ፣ ቀላ።

«አንዴ ደግሞ።»

«ምን እየነካካችሁኝ ነው?» አሉ አዛውንቱ ወደ ግድግዳው ዞረው እንደተኙ። እማማ የራሳቸውን ጣት አምጥተው፣ ፈራ ተባ እያሉ፣ ጫን አደረጉት።