ትኬት ቆራጯ የእንስሳት ክሊኒክ ገባች

የእንስሳት ሐኪሟ ሥራዋን ልትተው የቆረጠችው፣ አንድ ውሻ ልትከትብ ጎንበስ እንዳለች እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ነው። ውሻው ፊቷን ሲልሳት ነቃች። ባለቤቱ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ክሊኒኩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ የምርመራ ጠረጴዛውን ሳይቀር በቁመቷ ልክ ነው ያሠራችው። ሥራውን ትወደዋለች። ያቃታት እምቢ ማለት ነው። አንዱን ሸኝታ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ሌላው ይይዛታል፦ «ዶክተርዬ፣ አንዴ ብቻ እዪልኝ!» ጓንቷን ሳታወልቅ ስልክ ታነሳለች። ምሳዋ ሳይከፈት መጥቶ ሳይከፈት ይመለሳል። አንድ የመኖ ፋብሪካ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ አቅርቦላት እስከ ዓርብ መልስ ይጠብቃል።

«ዓርብ እሺ ልለው ነው» አለቻት አክስቷን።

አክስቷ በከተማ አውቶቡስ ትኬት ስትቆርጥ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሰፈሩ «ፌርማታ» ይላታል፤ እሷ ቆማ ማውራት ከጀመረች አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቆማል።

«እስከ ዓርብ እኔ በሩ ላይ ልቁምልሽ።»

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ስለ እንስሳ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ እንስሳ ምንም። ስለ ግፊያ ግን ጠይቂኝ!»

ሰኞ ጠዋት መጥታ ወንበሮቹን አደላደለች፤ ውሻ በግራ፣ ድመት በቀኝ። ስልኩን ከምርመራ ክፍሉ አውጥታ የራሷ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ከዚያ የምርመራ ክፍሉን በር ያዘች። «ከዚህ ወጥተሽ እንዳላይሽ። ሾፌር መሪውን ለቆ ትኬት አይቆርጥም።»

ማክሰኞ፣ ጥጃ የሚያክል ውሻ የያዘ ነጋዴ ሰተት ብሎ ሊገባ ሞከረ። «እኔ እኮ የዶክተሯ ወዳጅ ነኝ!»

«ወዳጇ ከሆንክማ ምሳዋን ብትበላ ደስ ይልሃል። ተቀመጥ የኔ ጌታ። ውሻህን እየው፣ እሱ እንኳ ተቀምጧል።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ነጋዴውም እየሳቀ ከውሻው ጎን ተቀመጠ። ሐኪሟ ያን ቀን ምሳዋን በትኩሱ በላች።

ረቡዕ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ወንድ ድመቷን በቅርጫት ይዛ መጣች። «ሆድ ድርቀት ሳይሆን አይቀርም» አለች፤ «መጸዳጃ ሣጥኑ ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ግን ምንም የለም።» ድመቱ ድምፁ አይሰማም። ፌርማታም ዝም ያለ ተሳፋሪ አይቸኩልም ብላ መጨረሻ ላይ አስቀመጠቻት።

ተራው ደርሶ ሐኪሟ ሆዱን ስትዳብስ የሽንት ፊኛው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ሽንቱ ተዘግቶበት ኖሯል፤ ትንሽ ቢቆይ አልቆለት ነበር። አደንዝዛው ቀጭን ቱቦ አስገባችለት። ሽንቱ ሲፈስ ልብስ ሰፊዋ በደስታ አለቀሰች።

ሐኪሟ በሩን በርግዳ ወጣች። «ይኸው! ሁሉን ነገር እኔው ራሴ የማየው ለዚህ ነው!»

የፌርማታ ፊት አመድ መሰለ። «ሰው ሲብስበት ይጮሃል። እንስሳ ሲብስበት ዝም እንደሚል ማን ነግሮኝ ልወቅ?»

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። እውነትም ማንም አልነገራትም። ከማስረዳት ራሴ ብሠራው ይፈጥናል እያለች ነው እዚህ የደረሰችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስሚ እትዬ። ሲገቡ ሦስት ነገር ጠይቂ። ይሸናል ወይ? ደህና ይተነፍሳል ወይ? ድዱስ ቀይ ነው ወይስ የነጣ? አንዱ እንኳ ካላማረሽ ተራ ብሎ ነገር የለም፤ የክፍሌን በር ደብድቢው።»

ሐሙስ ፌርማታ በሩ ላይ እንደ ፈታኝ ቆመች። «ድድ!» ስትለው አንዱ ሽማግሌ ደንግጦ አፉን ከፈተ።

«ያንተን አይደለም አባቴ፣ የውሻህን!»

ሳቁ ሳይበርድ የአንዲት ቡችላ ከንፈር ገልጣ አየች። ድዷ ወረቀት መስሏል። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። ቡችላዋ የአይጥ መርዝ በልታ ኖሮ ወዲያው መድኃኒቱ ተሰጣት፤ ማታ ላይ ጭራዋን መቁላት ጀመረች።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«ዶክተሯ ምሳ ላይ ናት» አለች ፌርማታ። «ይሸናል?... እንዴት ማን ይላሉ? የታመመው ነዋ!»

የመኖ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሐኪሟ በሳቅ ምግቡ ትን እያላት ስልኩን ተቀበለች። ሰውየውን አመስግና፣ «ይቅርታ፣ አልመጣም። ሥራዬ እዚህ ነው» አለችው።

ስልኩን ዘግታ ወደ አክስቷ ዞረች። «የምቆየው ግን አንቺም ከቆየሽ ነው።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ከተዘጋ እቆያለሁ።»

«እሺ።»

«አየሽ፣ ወዲያው እሺ! ትንሽ እንኳ አትከራከሪኝም?»

ሐኪሟ አሰብ አደረገች። «እንግዲያው እምቢ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነው የሚዘጋው።»

«ጎሽ የእህቴ ልጅ!» አለች ፌርማታ፣ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ እያደረገች። «አሁን ብዪ፤ ውጭ አንድ ፍየል የኔን በር እየበላችው ነው።»