የመካነ ሰላሙ የዘይት ናሙና

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ከቤቴ በታች ባለው መታጠፊያ፣ ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች ከትራንስፎርመር ዘይት በጠርሙስ ሲቀዱ አየሁ። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ መንገድ ላይ የምትመክር ጡረተኛ ማን ይሰማል? ቤት ገብቼ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስል ዋልኩ።

ወጣት ሳለሁ ነው፤ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። መካነ ሰላምና አካባቢዋ መብራት የሚያገኙበትን ትልቁን ትራንስፎርመር እንድመረምር ተላክሁ። ሆዱን የሞላው ዘይት ማሽኑን ያቀዘቅዘዋል፣ ኤሌክትሪኩም ከመንገዱ እንዳይወጣ ያግደዋል። ውሃ ከገባበት ግን አቅም ያጣል፤ ማሽኑ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከዘይቱ ጥቂት ይቀዳና በሁለት ብረቶች መካከል ተደርጎ፣ ብልጭታ እስኪዘል ድረስ ኃይል ይጨመርበታል። ዘይቱ ጤነኛ ከሆነ ብልጭታው ይዘገያል።

ነሐሴ ነበር። አቀስታ ላይ ብርዱ አላስቆም ብሎን እኔና ሾፌሩ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ስንበላ፣ የናሙና ጠርሙሶቼ ጭቃ እንደነካቸው አየሁ። በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ፣ በሻርፔ ጫፍ ወልውዬ ከደንኳቸው። ችኩል ነበርኩ። በዚያ ዕድሜዬ መንገዱም ሰዉም ዝናቡም የሚዘገይብኝ እኔን ለማናደድ ይመስለኝ ነበር።

መካነ ሰላም አድረን ጠዋት ጣቢያው ሄድኩ፤ ኦፕሬተሩ ጋሽ ይማም ይባላሉ። ጎልማሳነታቸውን ከዚያ ማሽን ጋር ያሳለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ቀጭን ሰው ነበሩ።

"ልጄ፣ ጉሙ ይነሣና ረፋድ ላይ ብትቀጂው አይሻልም?" አሉኝ።

"ጊዜ የለኝም ጋሼ" ብዬ ቀዳሁ።

ብልጭታው ገና በጅምሩ ዘለለ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ደነገጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጥፋት በማግኘቴ ደስ አለኝ። ወዲያው ደሴ ላለው አለቃዬ ደወልኩ።

"ዘይቱ ውሃ ገብቶበታል። ማሽኑ መጥፋት አለበት።"

"እንዴት ሊገባበት ቻለ?"

"ኦፕሬተሩ በደንብ አልያዘውም" አልኩ። ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።

ጋሽ ይማም አጠገቤ ቆመዋል። "ወላሂ፣ በየሳምንቱ አየዋለሁ" አሉ በዝግታ። አለቃዬ አልሰማቸውም። ሌላ ሰው እስኪላክ ቁልፉን ለዘበኛው አስረክበው ቤታቸው እንዲሄዱ አዘዘ። ማሽኑን በገዛ እጃቸው አጠፉ፤ ቁልፉን በዘበኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቶቹ ጭጭ አሉ። እህል በአህያ ጭነው ከገጠር የመጡ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዷ ማሽኑን ለመመርመር መምጣቴን ሰምታ ኖሮ "እቴ፣ መብራቱ ዛሬ ይመጣል? ለልጆቹ ዱቄት ሳልይዝ እንዴት እገባለሁ?" አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ዕቃዬን ሳስተካክል ያልተጠቀምኩበትን ጠርሙስ ከፈትኩ። ክዳኑ ውስጥ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ሌላውን ከፈትኩ፤ እሱም እንዲሁ። ለካ ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ!

አለቃዬ የሚልካቸው ዘይት አጣሪ ሠራተኞች ከሁለት ቀን በኋላ ይመጣሉ። ያጣሩታል፣ ውጤቱ ጥሩ ይሆናል፣ ሁሉም ዳነ ይላል፤ ማን ያውቅብኛል? ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ እስከ ከተማው ዳር ሄጄ ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። የገብስ ቆሎ ገዝቼ አንዲት ፍሬ ሳልቀምስ በእጄ ይዤ ዞርኩ። ስድስት ሰዓት ሲል እግሬ በእንጨት የሚጋግር ዳቦ ቤት በር ላይ ቆመ። ጠርሙሶቹን ምድጃው አፍ ላይ እንዲያደርቅልኝ ጋጋሪውን ለመንኩት። እስኪደርቁ ቆሜ ጠበቅሁና በቀጥታ ወደ ጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ ጠርሙሴ እርጥብ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም።"

"አብሽሪ" አሉ፤ "ጫማዬን ላድርግ።"

ዘበኛው ጣቢያውን ሲከፍትልን ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጋሽ ይማም ከማሽኑ መጀመሪያ የወጣውን ዘይት ጣሉት፤ ጠርሙሱንም ቀጥሎ በመጣው ዘይት አለቀለቁት። ሙከራውን ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። በየመሐሉ መጠበቅ ነበረብን፤ እኔ ክፍሉን እዞራለሁ፣ እሳቸው ተቀምጠዋል። ስድስቱንም ጊዜ ብልጭታው ዘግይቶ፣ ዘግይቶ መጣ። ዘይቱ ጤነኛ ነው።

እሳቸው እየሰሙ ለአለቃዬ ደወልኩ። "የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርስሻል" አለኝ።

"ይድረሰኝ። የጋሽ ይማም ቁልፍስ?"

"ይመለስላቸው።"

ጋሽ ይማም ግን ቁልፉን አላነሡም። የጣቢያውን መዝገብ ገልጠው ስክሪብቶ አቀበሉኝ። "በስልክ የተባለ ይረሳል። እዚህ በእጅሽ ጻፊልኝ።" ናሙናው የተበላሸው በእኔ እርጥብ ጠርሙስ እንደሆነ፣ ኦፕሬተሩ ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው ጻፍኩና ፈረምኩ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቁልፉን አንሥተው መብራቱን ለቀቁት፤ ብዙም ሳይቆይ ከታች የወፍጮው ድምፅ ተሰማ።

ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ሠሩ። በሥራ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፤ ነገሩን አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ካረፉ ዓመታት አለፉ።

ታሪኩን የሚያውቁ ጥፋቴን በማመኔ ያመሰግኑኛል። ምስጋናው አያሳርፈኝም። ከማደሪያዬ እስከ እሳቸው በር ሩብ ሰዓት አያስኬድም፤ እኔ ግን ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። በዚያ ግማሽ ቀን ቤታቸው ተቀምጠው ምን ሲያስቡ እንደነበር አልጠየቅኋቸውም። ለመጠየቅ ብዙ ዓመታት ነበሩኝ።