የአርባ ሰው ፊርማና አንድ ባዶ ብልቃጥ

የእንስሳት ሐኪሙ ወጋየሁ ሀና ማርያም አካባቢ ላም ካላቸው ቤቶች የማያውቀው ደጅ የለም። ቦቲውን አጥልቆ፣ ቦርሳውን አንግቶ ከግቢ ግቢ ሲዞር አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ታዲያ ባለፈው ዓመት ስልኩ በድንገት ዝም አለ። የአቶ ቀጄላ ላም እሱ መርፌ በወጋት ማግስት ሞታ ነበር። ለቡ ሰፈር የሚሠራው የሙያ ባልደረባው ዶክተር አዶኒያስ «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ወግቶ ነው የገደላት» አለ ተባለ፤ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው።

ወጋየሁ በስም ማጥፋት ከሰሰው። አዶኒያስ «ከአፌ አልወጣም» ብሎ ካደ። ወጋየሁ ምን ይዞ ቢቀርብ ጥሩ ነው? የአርባ ሰው ፊርማ! የእድሩ ሰው፣ የቤተክርስቲያኑ ምዕመን «ወጋየሁ መልካም ሰው ነው» ብሎ የፈረመበት ወረቀት። እኛ ደግሞ ፊርማ ማሰባሰብ ላይ ማን ብሎን! ዳኛዋ ወረቀቱን አገላበጡና፣ «ከእነዚህ ውስጥ ተከሳሹ ሲናገር በጆሮው የሰማ አለ?» አሉ። አንድም አልነበረም። ሁሉም የሰማው ከሰው ነው።

ዳኛዋ አንድ ቀጠሮ ጨመሩለት። በቀጠሮው ቀን በጆሮው የሰማ ሰው ካላመጣ ክሱም፣ ስሙም፣ እንጀራውም አበቃ። ሳይወድ በግዱ አቶ ቀጄላ ደጅ ሄደ። ላማቸው የሞተችባቸው ሰው ምን ፊት ያሳዩኛል እያለ ሲሸሻቸው ነበር የከረመው።

«ጋሽ ቀጄላ፣ ዶክተር አዶኒያስ ያን ሲናገር እርስዎ ነበሩ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ነበርኩ። እዚሁ ደጄ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው።» ከዚያ በረት ገብተው ከግድግዳው ስንጥቅ ባዶ ብልቃጥ አወጡ። ልጆች እንዳይረግጡት ባዶውን ሁሉ እዚያ መሸጎጥ ልማዳቸው ነው። «ያን ቀን የወጋሃት መድኃኒት ብልቃጥ ይኸው። ፍርድ ቤት እመጣለሁ።»

መጡም። ምለው የሰሙትን ተናገሩ። ዳኛዋ ብልቃጡ ላይ ያለውን ቀን አነበቡ፤ ላሟ ስትወጋ መድኃኒቱ ጊዜው ሊያልፍ ገና ዓመት ይቀረው ነበር።

«ታዲያ ላሟ በምን ሞተች?»

አቶ ቀጄላ ከኋላ የተቀመጡትን ባለቤታቸውን፣ ወይዘሮ ንግስትን፣ ሰረቅ አድርገው አዩ። «የዱቄቱን ክፍል ሳልዘጋ ቀረሁ። ገብታ ግማሽ ጆንያ በላች፤ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ዶክተር አዶኒያስ ያን ሲል ለጥፋቴ መሸፈኛ ሆነልኝና ዝም አልኩ። ባለቤቴም የምትሰማው ገና አሁን ነው።»

ወጋየሁ እንባው መጣ። አዶኒያስ ያለውን በአደባባይ እንዲያስተባብል ተፈረደበት፤ የወጋየሁም ስልክ እንደገና ይጮህ ጀመር።

በሳምንቱ ወጋየሁ ሊያመሰግናቸው ሄደ። «ጋሽ ቀጄላ፣ ውለታዎን በምን ልክፈለው?»

«ላንተስ ተፈረደልህ» አሉ ሽማግሌው። «የኔ ጉዳይ ግን እቤት ገና ቀጠሮ ላይ ነው። ንግስት ካኮረፈች ይኸው ሳምንቷ።»

ወጋየሁ ቤቱ ገብቶ ያን ወረቀት ዘረጋው። አርባ ስም። ይህን ሁሉ ሰው የሰጠኸኝ አምላክ ተመስገን አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። እሑድ ከአርባዎቹ ሰባቱን አስከትሎ ወይዘሮ ንግስት ደጅ ቆመ።

«እትዬ ንግስት፣ ስሜን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው። መልካም ሰው ናቸው፤ ለኛ ሲሉ ይቅር ይበሏቸው።»

ሰባቱም «መልካም ሰው ናቸው» አሉ።

ወይዘሮ ንግስት እንደ ዳኛዋ ማን ምን ሰማ፣ ማን ምን አየ ብለው አልጠየቁም። በሩን ከፈት አድርገው «ግቡ» አሉ።