ብርድ የማይነካት ሂልዬ

ሂልዬ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር የምትገባው። ኔዘርላንድ ውስጥ ከግሮኒንገን ከተማ እስከ መንደሯ የጀልባ ቦዩን ተከትላ፣ ነፋሱን በግንባሯ እየገፋች ብስክሌት ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። በረዶ ጣለ አልጣለ ለእሷ ያው ነው። እቤት ስትደርስ ጓንቷን ታወልቃለች፣ ካፖርቷን ታወልቃለች፣ ሻርፗን ወንበር ላይ ትወረውርና «ኡፍ! ይሄ ቤት ደግሞ እንዴት ይሞቃል!» ትላለች። ባሏ ዉቦ ይሄን ሲሰማ ብድግ ይልና ግድግዳው ላይ ያለችውን የማሞቂያ ማዞሪያ ወደ አሥራ አምስት ዲግሪ ዝቅ ያደርጋታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ዉቦ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ላቧ ጀርባዋ ላይ ይቀዘቅዛል። ብርዱ ከእግር ጣቷ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ጉልበቷ ይወጣል። ሹራብ በሹራብ ላይ ትደርባለች፣ የሻይ ኩባያዋን በሁለት እጇ አቅፋ ትቀመጣለች። ሳህን ለማጠብ የምትቸኩለውም ሙቅ ውሃውን ብላ ነው። «በረደኝ» ግን አትልም።

እንዴት ትበል? እናቷ ቤት የመኝታ ክፍሉ መስታወት ከውስጥ በኩል በረዶ ይሠራ ነበር፤ በረደኝ ላለ ልጅ የሚሰጠው መልስ «ሹራብ ልበስ» ብቻ ነው። ዉቦ ደግሞ በወጣትነቱ ጀልባ እንዲያልፍ ድልድይ የሚያነሳ ሠራተኛ ሳለ ልቡን የሰጣት፣ በዚያ በሚጋረፍ ዝናብ ያለ ጓንት እየዘፈነች ድልድዩን ስትሻገር አይቶ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ እኮ ሚስት አይደለም ያገባሁት፣ ምድጃ ነው!» ይላል። እሷም ትስቃለች። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር የምትስቀው። እያደር ግን ያ ሙገሳ እንደ ጠበበ ልብስ ያዛት፤ አውልቃ እንዳትጥለው ሰው ሁሉ እሷን የሚያውቃት በእሱ ነው።

ሥራ እያለ ነገሩ ይቻል ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ከማድረቂያው የወጣውን ትኩስ አንሶላ ስታጥፍ ትውላለች፤ ከዚያ ብስክሌቱ ያሞቃታል፤ የሚቀራት ማታው ብቻ ነው። ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ባልደረቦቿ ሲሸኟት አበባና ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሰጧትና «ለአንቺስ ካልሲው ትርፍ ነው» ብለው ሳቁባት።

ጡረታ ከወጣች በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ዉቦ ወንበሩ ላይ ሆኖ የጋዜጣውን የቃላት እንቆቅልሽ ይሞላል። ረፋዱ ላይ የሂልዬ መንጋጋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ቆረጠች። አፏን ሳትከፍት ጎረቤታቸው ኼስዬ፣ ያቺ ምላሰኛ መበለት፣ እንደ ልማዷ በጓሮ በር ገባች።

«በስመአብ! ይሄ ቤት ነው ወይስ የዓሣ ማቀዝቀዣ?» አለች ካፖርቷን ሳታወልቅ። «አንተ ቋጣሪ፣ እስቲ ያችን ነገር ትንሽ ከፍ አድርጋት! ሚስትህ አሁን ቀኑን ሙሉ እቤት ናት እኮ።»

«እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ፣ እመቤቲቱን ጠይቂያት» አለ ዉቦ እየሳቀ። ተነስቶ እጁን ማዞሪያው ላይ አደረገና ወደ ሚስቱ ዞረ። «ምን ትያለሽ ሂልዬ? ከፍ ላድርገው?»

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ቃሏም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ግን ሁለቱም አፍጥጠው ያይዋታል፤ ኼስዬ ደግሞ ይህችን ቀን ስትጠብቅ እንደኖረች ሁሉ ፈገግ ብላለች። የሂልዬ ምላስ በለመደበት መንገድ ሄደ።

«አንቺ መኪና ለምደሽ ነው። እንደ ሰው ብስክሌት ብትነጂ ደምሽ ይንቀሳቀስ ነበር። በይ ካፖርትሽን ቆልፊና ቁጭ በይ!»

«ይኸውልሽ! ምድጃ ናት አላልኩሽም?» ዉቦ እጁን አጨበጨበና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

«ደርቃችሁ ትገኛላችሁ፣ ያኔ እንዳታስጠሩኝ» አለች ኼስዬ። ሻይዋን በጓንቷ ይዛ ጠጣችና ሄደች።

ብርዱ አሁን ወገቧ ደርሷል። ሂልዬ ሄዳ ባሏ ፊት ቆመች።

«ዉቦ።»

«አቤት?» ከመነጽሩ በላይ ቀና ብሎ አያት። ያ ኩራቱ አሁንም ዓይኑ ውስጥ አለ።

«ዳቦ አልቋል። ልግዛ።»

ዳቦው አላለቀም ነበር፤ ግማሹ ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ብስክሌቷን አውጥታ ወጣች። የምትሄድበት አልነበራትም፤ እግሮቿ በለመዱት መንገድ፣ በቦዩ ዳር፣ ወደ ከተማ ወሰዷት። ድልድዩን ስታልፍ ደሟ ወደ ጣቶቿ ተመለሰ፤ የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች። መጦሪያው ጋ ደርሳ የብስክሌት ማቆሚያውን ዞር ብላ አየች። በእሷ ቦታ የልጅ መቀመጫ ያለው ሰማያዊ ብስክሌት ቆሟል። ብትገባ «ገና ከአሁኑ ናፈቅንሽ?» ብለው ይስቁባታል። አልገባችም። ከሱቅ ዳቦ ገዝታ በኃይል እየረገጠች ተመለሰች።

በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን መታት። መስኮቱ ሁሉ እንፋሎት ለብሷል። ዉቦ ሹራቡን አውልቆ፣ በሸሚዝ ብቻ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሲያያት ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ደነገጠ።

«ውይ! መጣሽ እንዴ? ሳትመጪ ዝቅ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር እኮ። ያቺ ኼስዬ እንደዚያ ካለች በኋላ... እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን አንዳንዴ ይበርደኛል።»

ሂልዬ ትንፋሽ አጥሯት፣ ላቧ በጆሮዋ ሥር እየወረደ በሩን ተደግፋ ቆመች። እጇን አነሳች። «አይ... ዉቦ... ተወው...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አንቺ እንዴት ትችይዋለሽ! ፊትሽ እኮ እሳት መስሏል።» እየሮጠ ሄዶ ማዞሪያዋን ወደ አሥራ አምስት መለሳት። አልበቃ ብሎት፣ አዝኖላት፣ መስኮቱንም ወለል አድርጎ ከፈተላት።

ሂልዬ ዳቦውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች። ከውጭ የሚገባው አየር ላቧን ማቀዝቀዝ ጀምሯል።

«አሁን ተሻለሽ?» አላት።

«ተሻለኝ» አለችው።