ቀማሹ ልጄ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ስፈርም ብቻ ነው።

ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ሥር የምስር ሳምቡሳ መሸጥ የጀመርኩ ቀን፣ ሕፃኗን ልጄን አዝዬ የሦስት ዓመት ወንድሟን አጠገቤ አስቀመጥኩት። "ሳምቡሳ!" ብዬ መጣራት አፈርኩና ሳህኑን በጨርቅ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ሕፃኗን ላጠባ ዞር ስል ልጄ እጁን በጨርቁ ሥር ሰድዶ የሁሉንም ጫፍ ጫፍ ገመጠው። ያለኝ ዱቄትና ምስር በሙሉ እዚያ ሳህን ላይ ነበር፤ ካልተሸጠ ለነገ የምጠብሰው የለኝም።

ከቤተ ክርስቲያን የሚወርዱ አንዲት አሮጊት ቆም ብለው ጨርቁን ገለጡት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ይሄን ማን ገመጠው?"

"ልጄ ነው፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ልጄን አዩት። ጉንጩ ገና እንደተነፋ ነው። ሳቃቸው መንገደኛውን ሁሉ አስቆመ።

"በእኛ ጊዜ ጠጁም ወጡም ቀማሽ ሳይቀምሰው ለሰው አይቀርብም ነበር። ለእኔ ሁለት ስጪኝ። እናንተም ኑ፣ ቀማሹ ደህና ነው!"

ሳህኑ ባዶ ሆነ። እሳቸው ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ነገ ግን ቀማሹን ቁርስ አብልተሽው ነይ።"